ኮሮላዬ ጎርነን ያለ ድምፅ እንዲኖራት እፈልጋለሁ፤ በ20 ሺህ ብር ምን ይሠራል?

የአያት_ኮሮላ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት። 1.6፣ ማኑዋል። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ዘይት አትበላም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የመለወጥ ሐሳቤን ትቻለሁ። ያለችኝን ይዤ ደስ እንድትለኝ አድርጌ መንዳት ነው የምፈልገው።

የምፈልገው ድምፅ ነው። ስትነሳ ጎርነን የምትል፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ጥርት ብላ የምትጮህ። ሰፈር የሚያስበረግግ ነገር አልፈልግም፤ ጎረቤቶቼ ሕፃናት አሏቸው።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ስጠይቅ አንዱ "የኋላውን ማርሚታ ቆርጠህ ጣለው፣ በቃ" አለኝ፤ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ ማለቱ ነው። ሌላው ቱቦውን ከፊት እስከ ኋላ በ2.5 ኢንች ልቀይርልህ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ሽጥልኝ፣ በእሱ ብር ሁሉም ይሠራልሃል አለኝ። ያለኝ 20 ሺህ ብር ነው። የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ቢሾፍቱ_16ቫልቭ
ብራዘር፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ልክ ነው። የእኔም ኮሮላ ናት። የኋላውን አስቆርጬ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ አስበይጃለሁ። የከፈልኩት የብየዳና የቱቦ ብቻ ነው። ጠዋት ስትነሳ ደስ ትለኛለች። ለምን ብዙ ብር ታወጣለህ?

የአያት_ኮሮላ
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ረጅም መንገድ ላይስ እንዴት ናት? እኔ በየሁለት ሳምንቱ አዳማ እሄዳለሁ፣ እናቴ ከኋላ ትቀመጣለች።

ቢሾፍቱ_16ቫልቭ
ፈጣን መንገድ ላይ ትጮሃለች፣ አልዋሽህም። እኔ ግን ብቻዬን ነው የምነዳው፣ መስኮት ከፍቼ።

የቄራው_መካኒክ
ልጆች፣ ትንሽ ላስቸግራችሁ። ማርሚታ ስፈታና ስበይድ ነው የኖርኩት። የአያቱ ልጅ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደምትፈልግ ታውቃለህ። ብዙው ሰው ይህን ሳያውቅ ነው የሚያስቆርጠው።

መጀመሪያ ግን ምንም ከመግዛትህ በፊት ያለህ መስመር የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን እወቅ። 20 ዓመት ያለፋት መኪና ናት። በዚህ ዕድሜ ማያያዣው ላይ ያለው ጋስኬት ይበላል፣ ብሎኑ ይዝጋል፣ ከሞተሩ ቀጥሎ ያለው ተጣጣፊው ቱቦ ይሰነጠቃል። በሚያፈስ መስመር ላይ ውድ ማርሚታ ብታስር የምትሰማው የሚያፈሰውን ነው። ጥትትት የሚል፣ እንደ ቆርቆሮ የሚንጫጫ ድምፅ ካለ እሱ ነው።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳ። አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝልህ። አጥብቆ አይድፈነው፤ ሞተሩ ይጠፋል። አንተ ከፊት ጀምረህ ፍሽሽ የሚለውን አዳምጥ። ማያያዣዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ርጭ፣ አረፋ ካወጣ አገኘኸው። ውኃ የምትረጨው ብረቱ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ሌላው ምልክት ጥቀርሻ ነው። ከማያያዣው ዙሪያ ጥቁር መስመር ካየህ እዚያ ጋ ጭስ ይወጣል።

ይሄ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ ውጪ ያለው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሴንሰሩ "አየር በዝቷል" ብሎ ያነባል። ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። ሰዎች መኪናዬ ቤንዚን በላች እያሉ ካንዴላ ሲቀይሩ ይከርማሉ፤ ችግሩ አንድ ጋስኬት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ጭሱ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። እናትህ ከኋላ ይቀመጣሉ ብለሃል። ወለሉ ላይ የተነቀለ የጎማ ድፍን ካለ፣ የኋላው በር ጎማ ካለቀ፣ አብረህ አስጠግን።

የአያት_ኮሮላ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ተጣጣፊው ቱቦ ላይ ጥቁር ነገር እንዳለ አይቻለሁ፣ ነገ በጠዋት እሞክረዋለሁ። ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላስ? የኋላውን ብቻ ልቀይር ወይስ የመሀሉንም?

የቄራው_መካኒክ
የኋላውን ብቻ። የመሀሉን እንዳትነካው። ከስር ተኝተህ ስታይ ሁለት "ድስት" ታያለህ። የኋላው ትልቁ አጠቃላይ ድምፁን ይቀንሳል። የመሀሉ ትንሹ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። መሰንጠቁን፣ ንዝረቱን፣ ጆሮ ላይ የሚጫነውን ነው የሚያነሳው። የመሀሉን ትተህ የኋላውን ስትቀይር ጎርነን ያለ ድምፅ ታገኛለህ። ሁለቱንም ስትጥል የምታገኘው የባጃጅ ድምፅ ነው፣ ያውም የትልቅ ባጃጅ።

በኋላው ቦታ ቀጥተኛ የሚባለውን ዓይነት ፈልግ። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፣ ዙሪያው ድምፅ በሚውጥ ጥጥ መሰል ነገር ይታጨቃል። ሱቅ ውስጥ ሳለህ ወደ ብርሃን አዙረህ በአንዱ ጫፍ እይ። ሌላው ጫፍ ከታየህ ቀጥተኛ ነው። ካልታየህ ውስጡ በክፍል የተከፋፈለ ነው፣ እንደ ፋብሪካው ዝም ይላል። ከዚያ ሆዱን በጣትህ አንኳኳው። እንደ ደወል ከጮኸ ባዶ ነው። ደፈን ያለ ድምፅ ከሰጠህ ታጭቋል። በእጅህም መዝነው፤ የታጨቀው ይከብዳል።

እዚህ የሚሠሩ አሉ፣ ጎበዞችም አሉባቸው። ግን ምን እንዳጨቁበት ጠይቅ። ዕቃ ማጠቢያ የብረት ሽቦ ብቻ ከሆነ ቶሎ ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው ይወጣል። በወራት ውስጥ ድምፁ እየጮኸ ይሄዳል። የመስታወት ቃጫ ወይም ሙቀት የሚችል ሱፍ ከሆነ ይቆያል።

ጀሞ_ድምፅ
ጋሼ ያሉት በሙሉ ትክክል ነው። እኔ የድምፅ ሙያተኛ ነኝ፤ ፈጣን መንገድ ላይ ስለሚመጣው ጉምጉምታ ትንሽ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ለምን እንደሚመጣ አያውቅም።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። 3,000 አርፒኤም (በደቂቃ 3,000 ዙር) ማለት በሰከንድ 50 ዙር ነው። ሁለቴ ሲተኩስ 100 ይሆናል። ስለዚህ ከቱቦው የሚወጣው ዋናው ድምፅ 100 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ንዝረት ነው። ትንሽ አውቶሞቢል ውስጥ ያለው አየርም በዚሁ አካባቢ ባሉ ድምፆች ይናወጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ጣራው፣ ወንበሩ፣ ጭንቅላትህ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከተማ ውስጥ አይሰማህም፣ ምክንያቱም አንድ ዙር ላይ አትቆይም። ፈጣን መንገድ ላይ ግን በ100 ኪሎሜትር ስትሄድ አምስተኛ ማርሽ ላይ 3,000 አካባቢ ተተክለህ ትቀራለህ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ማለት ነው።

መድኃኒት አለው፣ ርካሽም ነው። ከዋናው ቱቦ ጎን አንድ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቱቦ ይበየዳል። ድምፁ ወደዚያ ገብቶ፣ ከተደፈነው ጫፍ ነጥሮ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይጋጭና ይጠፋፋሉ። ርዝመቱ ነው ቁም ነገሩ። ድምፅ በተራ አየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሞቀ ጭስ ውስጥ 450 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። 450ን ለ100 አካፍለው፣ ከዚያ ለ4። 1 ሜትር ከ12 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ትንሽ አስረዝመህ ጀምር፣ እየቆረጥክ ታስተካክለዋለህ። መቁረጥ ይቻላል፣ መቀጠል ነው አስቸጋሪው።

ግን የመሀሉ ካለ እና የኋላው በደንብ ከታጨቀ ላያስፈልግህ ይችላል። መጀመሪያ ሳታስበይድ ንዳት።

ቢሾፍቱ_16ቫልቭ
ይሄን ስሌት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የእኔ 2,800 ላይ ነው የሚያስቸግረኝ። በስንት ይመጣል?

ጀሞ_ድምፅ
2,800ን ለ30 አካፍል፣ 93 ኸርዝ። 450 ለ93፣ ከዚያ ለ4፤ 1 ሜትር ከ20 ገደማ። የኋላው ድስት የወጣበት ቦታ ባዶ ስለሆነ የአንተ ላይ ይገባል። ትርፍ ጎማው ስር አጥፈህ ማስቀመጥ ትችላለህ፤ መታጠፉ አይጎዳውም።

ሜሪላንድ_ሹፌር
ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ። ካታሊስቱን እገዛሃለሁ ያለህን ሰው በፍጹም እንዳትሰማው። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ። ለዚያ ነው የሚፈልገው እንጂ ለመኪናህ ድምፅ አስቦ አይደለም። እዚህ ሰዎች ሌሊት ከመኪና ስር ገብተው በመጋዝ ቆርጠው የሚሰርቁት ለዚሁ ነው። ካታሊስት ማውጣት በአሜሪካ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ እዚህ ሜሪላንድም የጭስ ምርመራ አለ።

ሕጉ ባይኖርም አይጠቅምህም። ሲወጣ የኋላው ሴንሰር ያውቃል፣ ቼክ ኢንጅን ይበራል፣ ፒ 0420 የሚል ኮድ ይሰጥሃል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ልብስ ላይ ይቀራል። ድምፁም አያምርም፣ ሻካራ ይሆናል። ካታሊስቱ ራሱ ድምፅ ከሚያለዝቡት አንዱ ነው።

ሻርጃ_ሐበሻ
እዚህ ኤሚሬትስ ላላችሁ ልጆች ደግሞ ማስጠንቀቂያ። ረባሽ ድምፅ ያለው መኪና መንዳት 2,000 ድርሃም እና 12 ጥቁር ነጥብ ነው። 24 ነጥብ ሲሞላ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ሁለቴ ከተያዛችሁ አለቀ ማለት ነው። በመንዳት የምንተዳደር ሰዎች ነን፣ እንጀራችን ነው። አገር ቤት ያለው ወንድሜ ግን በርታ፣ ጋሼ የነገሩህ መንገድ ልከኛ ነው።

ቪትዝ_ሰሚት
ጥሩ ውይይት ነው። ግን ስለ ሰፈርም ይወራ። ከእኛ ሕንጻ ስር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ማርሚታ የሌለው መኪና የሚያስነሳ ሰው አለ። የአንድ ዓመት ልጄ በየሌሊቱ ደንግጣ ትነሳለች። በአገራችን የአካባቢ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ቢሾፍቱ ያለኸው ወንድሜ፣ አንተን ለመውቀስ አይደለም፣ ግን መስኮት የሚከፈተው ለአንተ ብቻ አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ የእኔ ቪትዝ 1.0 ናት። እሷ ላይስ የሚሆን ነገር አለ?

ቢሾፍቱ_16ቫልቭ
እህቴ ገብቶኛል። የጀሞው ወንድም የሰጠኝን ቱቦ አሠራለሁ፣ ቀጥተኛ ማርሚታም እጨምርበታለሁ።

የቄራው_መካኒክ
እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ፣ እህቴ ትክክል ነሽ። ማርሚታ ባይቀየርም እንኳ ጠዋትና ማታ ሰፈር ውስጥ ሞተር ሳያስጮሁ ቀስ ብሎ መውጣት ይቻላል።

የቪትዟን በተመለከተ፣ 1.0ዎቹ ብዙዎቹ ሦስት ሲሊንደር ናቸው፣ የድሮዎቹ ግን አራት ናቸው። የባለ ሦስቶቹ ድምፅ በተፈጥሮው የተሰበረ፣ ድድድ የሚል ነው። ማርሚታ ይህን አይለውጠውም፣ ያጎላዋል እንጂ። የሞተሩን ሽፋን ከፍተሽ ካንዴላዎቹን ቁጠሪ፤ ሦስት ከሆኑ ገንዘብሽን አታውጪ። አየር ማጣሪያውን አጽጂ፣ የሞተር መደገፊያ ጎማዎቹን አስፈትሺ። የሞተር መደገፊያ ሲያልቅ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ማርሚታ ነው ብሎ ያስባል።

የአያት_ኮሮላ
ጠዋት ሞከርኩት። ተጣጣፊው ቱቦ ነው! በሳሙና ውኃ ሁለት ቦታ አረፋ አወጣ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጋስኬትም አልቋል። ስለ 2.5 ኢንቹስ? ልጁ ፈረስ ጉልበት ይጨምራል ብሎኛል።

የቄራው_መካኒክ
አይጨምርም። ከ2 ኢንች ወደ 2.5 ስትሄድ የቱቦው ስፋት ከግማሽ በላይ ያድጋል። የአንተ 1.6 ሞተር ያንን የሚሞላ ጭስ የለውም። ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል፣ ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ይሆናል። ለአንተ 2 ኢንች በቂ ነው፣ እሱም ከኋላው በኩል ብቻ።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦቻርጀር (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከአምስት አንድ እጅ የሚበልጥ ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚሠራው። እሱን ማርሚታ አይመልስልህም። ለድምፅ ብለህ ሥራ፣ ለጉልበት ብለህ አትሥራ።

ብሩን እንዲህ ከፋፍለው። መጀመሪያ ተጣጣፊው ቱቦና ጋስኬቶቹ። ቀጥሎ ማርሚታው። ከዚያ ብየዳው፣ ብሎንና ዳዶ፣ መስቀያ ጎማዎች። የሚያብረቀርቀውን የጭስ ማውጫ ጫፍ ከተረፈህ ግዛው፣ ለዓይን ነው። የማርሚታ ዋጋ ሰሞን በሰሞን ስለሚለዋወጥ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቅ አትክፈል።

ብየዳ ቀን አጠገቡ ቁም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ንቀልና አስቀምጥ፣ ኮምፒውተሩን እንዳይጎዳ። የብየዳው መሬት መያዣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር እንጂ ሞተሩ ላይ አይታሰር። የነዳጅ ጋኑ ቅርብ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅና እሳት ማጥፊያ ይኑር። መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ብቻ ይያዝ፣ ከዚያ መኪናዋ ትውረድና በእግሯ ቆማ እየው። በክሪክ ተነስታ ልክ የሚመስል ቱቦ ስትወርድ አክስሉን ይነካል። ከጋኑም፣ ከፍሬን ቱቦውም ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ወደ ታች ደግሞ ከሻሲው በታች አይውረድ፤ የሰፈራችሁ ስፒድ ብሬከር ነቅሎ ይጥለዋል። ሁሉም ልክ ከሆነ በኋላ ዙሪያውን ይበየድ።

የአያት_ኮሮላ
ሠራሁት! ተጣጣፊው ቱቦ፣ ሁለት ጋስኬት፣ ቀጥተኛ ማርሚታ በ2 ኢንች። ከብሬ ትንሽ ተርፏል። ገና ተጣጣፊው እንደተቀየረ፣ ማርሚታው ሳይነካ፣ ያ የቆርቆሮ ድምፅ ጠፋ። እዚያ ላይ ብቆምም ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ስትነሳ ሆዷ ውስጥ ትጎረንናለች፣ ከዚያ ዝቅ ትላለች። ሦስተኛ ማርሽ ከ3,500 በላይ ስትሄድ የፈለግኩት ድምፅ እሱ ነው። መስኮት ተዘግቶ ከእናቴ ጋር ድምፅ ሳንጨምር አወራን። አዳማ ደርሰን ተመለስን። 3,000 ላይ ትንሽ ጉምጉምታ አለ፣ ግን አያስቸግርም።

አንድ ነገር ብቻ። ቆማ ስትሠራ ከስር ዝርርር የሚል ነገር መጥቷል። 1,000 አካባቢ ብቻ ነው፣ ሲረገጥ ይጠፋል።

የቄራው_መካኒክ
ደስ ይበልህ ልጄ። ዝርርር የሚለው የሙቀት መከላከያ ላሜራው ነው። ብሎኑ ዝጎ ጆሮው ሰፍቷል። ሲቀዘቅዝ ከስር ገብተህ በእጅህ አንኳኳው፣ ከላላ ሰፊ ቀለበት ያለው ብሎን አስገባበት። ነቅለህ እንዳትጥለው፣ ከላዩ ያለው ምንጣፍ ነው የሚቃጠለው። ማያያዣዎቹንም ጥቂት ከነዳሃት በኋላ ድጋሚ አስጠብቃቸው፤ አዲስ ጋስኬት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይቀመጣል፣ ብሎኑ ይላላል።

ጀሞ_ድምፅ
የ3,000ዋን ጉምጉምታ ለጊዜው ተዋት። የመስቀያ ጎማዎቹን እይ፣ አንዱ ከደረቀ ንዝረቱን ወደ ወለሉ ያስተላልፋል። እሱን ቀይረህ ካልጠፋ ያኔ ቅርንጫፍ ቱቦውን እናስባለን።

ቢሾፍቱ_16ቫልቭ
የአያቱ፣ የማርሚታው ሆድ ርዝመት ስንት ነው? እኔም ነገ ልገዛ ነው።

የአያት_ኮሮላ
ሆዱ ብቻ 40 ሳንቲም፣ መግቢያና መውጫው 2 ኢንች። 30 ሳንቲምም ነበራቸው፤ አጠር ሲል ይጮሃል ብለው ሻጮቹ ራሳቸው ነግረውኛል። የአንተ የመሀሉ አለ አይደል?

ቢሾፍቱ_16ቫልቭ
አለ፣ አልነካሁትም። 40ውን እወስዳለሁ።